ጉበትና አንጀት በአንድ ሲባጎ

ጥቅምት 9

ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እንቢ አለ። ፖስታው ላይ የእጅህን ጽሕፈት ሳይ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ምላሴን ወደ ተሰበረው ጥርሴ መላክ ነው። አለ፤ ስባሪው እዚያው አለ። ጠይቀኸኛልና ልመልስልህ፦ አላስተከልኩም። ስናገር ትንሽ ያፏጫል። የዚህ ቄራ ሰዎች በፉጨቴ ነው የሚያውቁኝ፤ "መጣች" ይሉና ሲጋራቸውን ይረግጣሉ።

አዎ፣ ሥራ አላጣሁም። ያባረራችሁኝ ከእናንተ ቄራ እንጂ ከሙያዬ አይደለም። እዚህም የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ እዚህም ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ቦት ጫማ አጥልቄ፣ ከተንጠለጠለ በሬ ሥር ቆሜ የሚበላውን ከማይበላው እለያለሁ። ይመቹሻል ወይ ብለሃል። ባለፈው ሰሞን አንዱ ራስ ገፋፊ፣ ምላሱን አይበላም ብዬ ስለጣልኩበት፣ የበሬ ራስ ከነቀንዱ ወረወረብኝ። ጎንበስ አልኩና አለፈኝ። ከዚያ ራሱን በሁለት ቀንዱ ይዤ አነሳሁት፤ ተሸክሜ ሰውዬው ፊት ሄድኩ፤ እግሩ ላይ ለቀቅኩት። ጣቶቹ ተሰብረዋል ይላሉ። ስንት እንደሆኑ አልጠየቅሁም። እንግዲህ ተመችተውኛል።

ስለ ጉበትህ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ክሊኒኩ "ጉበትህ ላይ ስብ አለ" ሲልህ ጊዜ ደስ አለህ! ለጓደኞችህ "የኔ እንኳ የቅቤ ጉበት ነው" ብለህ አሳቅሃቸው። ጋሼ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የገረጣ፣ የለሰለሰ፣ ቢላዋ ላይ ቅባት የሚተው ጉበት ባገኘህ ቁጥር "አንደኛ ደረጃ!" እያልክ ከፍ አድርገህ የምታሳይ አራጅ ነህ። ሥጋ ሻጮቹም ይሻሙበታል። ያ ጉበት ግን የታመመ ጉበት ነው። የበሬውም ታሟል፤ ያንተም ታሟል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የሚኮራ አራጅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳትቀልድ መልስልኝ። ሆድህስ እንዴት ነው? ሽንት ቤት ስትቀመጥ ምን ታያለህ? አትፈር። የሁለታችንም እንጀራ ያለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ያሳደግኸኝ፣ የመታኸኝ
እህትህ

*

ጥቅምት 25

አንቺ እብድ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው፣ ስድብ ብቻ። ደስ አለኝ፤ ጤነኛ ነሽ ማለት ነው። የሰው እግር መስበሩን ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁና አልቆጣሽም።

ክሊኒኩ ውስጥ ያደረግሁትን ግን አልጻፍኩልሽም ነበር፤ ወሬው ሳይቀድመኝ እኔው ልንገርሽ። ያ ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት የለቀለቀኝ፣ ገና አፉ ወተት ወተት የሚል ልጅ፣ ማሽኑን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ "በሳምንት ምን ያህል ትጠጣለህ?" አለኝ። አልጠጣም አልኩት። ሳቀ። "ጉበትህ እኮ ሌላ ነው የሚያወራው" አለኝ። እኔን! አባታችን ጠጥቶ በገባ ቁጥር አንቺን ይዤ አልጋ ሥር የተደበቅሁትን፣ ጠብታ በአፌ ዞሮ የማያውቀውን! አንገቱን ያዝኩት። ማሽኑም ወደቀ፣ እሱም ወደቀ። ሦስት ዘበኛ ነው ጎትቶ ያወጣኝ። የምክር ወረቀቴን ከኋላዬ ወረወሩልኝ፤ "ብዙ ተራመድ፣ ጣፋጭ ቀንስ" ይላል። ይኸው እየተራመድኩ ነው።

ምን ሥራ አለኝና! ቄራው ተዘግቷል። የደም መውረጃው ቦይ ተደርምሶ ግማሹ ወለል ሰመጠ። አንድ ወይፈን ከነነፍሱ ገብቶበት አውጡኝ እያለ ሲያጓራ ዋለ፤ በመጨረሻ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አረድኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢላዋ አልያዝኩም። ቤት ተጎልቼ ሞረዴን አያለሁ። ጢሜንም ለቅቄዋለሁ፤ ብታዪኝ አታውቂኝም።

ሌላውን ተይው። ደህና ነኝ።

ወንድምሽ

(ከግርጌው፣ በሚስቱ እጅ)

እኔ ነኝ፤ ፖስታ ቤት አድርሺልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ተደብቄ ነው የምጨምረው። ቄራው ሲዘጋ እጄ ከአጠባ ያርፋል ብዬ ነበር። አላረፈም። ሱሪውና የውስጥ ልብሱ ዛሬም ደም ነው። በድብቅ ሌላ ቦታ እየሄደ ያርዳል መሰለኝ፤ ስጠይቀው ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። የሚፈራው አንቺን ነውና አንድ ነገር በይልኝ፣ የኔ እህት።

*

ኅዳር 5

ጋሼ፣

ደሙ የማን ነው?

ሚስትህን እንዳትነካት። ሱሪህን የምታጥብልህ ሴት ያየችውን ስለተናገረች እጅህን ብታነሳባት፣ ያን እጅ እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ መገጣጠሚያው የት ላይ እንደሆነ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። እሷ በየዋህነቷ በድብቅ የምታርድ መስሏታል። እኔ ግን እዚህ ሆኜ ታየኝ። ቢላዋ ሳይይዝ ሱሪው የሚደማ ሰው፣ የሚታረደው እሱ ራሱ ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ልብስህ ሁልጊዜ ደም ነውና ማን ይይህ! የራስህን ደም በበሬ ደም ውስጥ ደበቅኸው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ጸሐፊ ቢሆን፣ ሾፌር ቢሆን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሚስቱ ትጮህ ነበር። ያ ወለል ባይሰምጥ ኖሮ እስክትወድቅ ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። ሆድህን ስጠይቅህ ስለ ክሊኒኩ ልጅ አንገት ታወራልኛለህ!

ጉበትና አንጀት ምን አገናኛቸው ትለኝ ይሆናል። ይህን ያን ቀን ወለሉ ላይ ላስረዳችሁ ነበር፤ ሳልጨርስ ጥርሴን ሰበርከው። አሁን እጅህ አይደርስብኝምና እስከ መጨረሻው ስማኝ።

በእናንተ ቄራ ከብቱ ሲከፈት ጉበቱ በቀኝ መንሸራተቻ ወደ ጉበት ጠረጴዛ ይወርዳል። ጨጓራና አንጀቱ በግራ ወደ ሆድ ዕቃ ክፍል ይወርዳል። መሀል ላይ ግድግዳ አለ። ጉበቱን የሚያይ ሰው አንጀቱን አያይም፤ አንጀቱን የሚያጥብ ጉበቱን አያውቅም። አንድ ከብት ሁለት ቦታ ይሞታል። እኔ ስመጣ ከኪሴ ሲባጎ አወጣሁና እያንዳንዱን ጉበት ከገዛ ሆድ ዕቃው ጋር ማሰር ጀመርኩ። "ዶክተር ሲባጎ" አላችሁኝ። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አንጀት ከታችሁብኝ። ግዴለም፤ አንተም ስትስቅ አይቼሃለሁ።

ከዚያ ማድለቢያ የመጡትን ከብቶች አንድ በአንድ አሰርኩ። ጉበታቸው መግል የቋጠረው ሁሉ ጨጓራቸው ቆስሎ ነበር። ቶሎ እንዲሰቡ እህል ብቻ ሲጋቱ ጨጓራቸው በአሲድ ተቃጠለ፤ በቁስሉ የገባው ጀርም በደም ሥር ተሳፍሮ በቀጥታ ጉበት ላይ ወረደ። ሁሉም ይቃጠል ብዬ ፈረምኩ። የማድለቢያው ባለቤት ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ወለሉ ላይ ሰበሰበና አንተን ጠየቀህ፦ "የከፈትካቸው አንተ ነህ። ጨጓራቸው ቁስል ነበረው ወይ?" ዓይን ዓይኔን እያየህ "ንጹህ ነበር" አልክ። ውሸታም አልኩህ። ሞረድህን እንደጨበጥክ በእጅህ ጀርባ አሳረፍክብኝ። ጥርሴ ከደሙ ጋር ቦዩ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ "እንግዲህ የገዛ ወንድሟ መሰከረባት" አለ።

ሰው በሬ አይደለም። ያንተም በሽታ የነሱ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው። ከአንጀት የሚነሣ ደም ሁሉ ወደ ልብ ከማለፉ በፊት ጉበት ውስጥ ይገባል። አንጀት ሲታመምና ግድግዳው ሲሳሳ፣ መርዙን የሚቀበለው ጉበት ነው። ደግሞም ጉበቱ የሰባ ሰው ትልቁ አንጀቱ ውስጥ እባጭ የመገኘት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ለዚህ መጠጥ አያስፈልገውም፤ ያ ልጅ አላወቀም እንጂ አንተ አልዋሸህም። ግን ስለ ደሙ ነገርከው ወይ? አልነገርከውም። ስለ ጉበትህ ጠየቀህ፣ ስለ ጉበትህ መለስክ። ጉበቱ በቀኝ፣ አንጀቱ በግራ።

ሂድና ለሰው ሐኪም ደሙን ተናገር። አንጀትህን በካሜራ ይዩልህ።

እህትህ

*

ኅዳር 20

ለማን ነው የምታዢው?

አንቺ የከብት ሐኪም ነሽ፤ እኔ ከብት አይደለሁም። ኪንታሮት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል አራጅ ኪንታሮት ከሌለበት አራጅ አይደለም።

ሚስቴን አልነካኋትም። የማጠቢያውን ሳፋ ግን በእርግጫ ብዬ ሰንጥቄዋለሁ። እሷም እርጥቡን ሱሪ ጠቅልላ ፊቴን አጮለችኝ፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። "ይኸው ደምህ! አንተው እጠበው!" አለችኝ። ይኸው እኔ ነኝ የማጥበው። ተደሰቺ።

ያ ካሜራ ያልሽው ነገር በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቄ ተረዳሁ። ሞቴን እመርጣለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ እታይ ነበር ብለሽ እንዳትመልሺልኝ፤ አውቃለሁ፣ አንቺ እፍረት የሚባል አልፈጠረብሽም።

ይቅርታ ፈልገሽ ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፤ እንዲህ እፈልጋለሁ በይ። ጥርስ ነው፤ ይተከላል። ደግሞ ጽሕፈትሽ ምን ሆነ? ዶሮ የጫረው መስሏል። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ እንዲህ ልትጽፊ ነው?

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 8

ጋሼ፣

ጽሕፈቴን ተወው፤ ብዕሩ ነው።

ይቅርታህን አልፈልግም። ቀቅለህ ብላው። ምን እንደምፈልግ ልንገርህ። በመታኸኝ ቦታ ላይ፣ ያን ቀን በነበሩት ሰዎች ሁሉ ፊት፣ አንድ ጥፊ እፈልጋለሁ። የኔ እጅ፣ ያንተ ጉንጭ። ለዚያ ደግሞ በሕይወት ታስፈልገኛለህ። ሬሳ አልመታም። ከሬሳ ጋር ስውል ነው የምኖረው፤ ብትመታው አይሰማውም፣ ብትሰድበው አያፍርም፣ እንዲያው ተንጠልጥሎ ያይሃል። በኪንታሮት አሳብበህ ከእጄ ልታመልጥ ነው? አትሞትም! ሳልመታህ አትሞትም!

እፍረት አልፈጠረብሽም አልከኝ። የማነው እፍረቱ? ገና ዳዴ ስል ተቅማጥ ሊገድለኝ ሲል፣ በጀርባህ አዝለህ ሐኪም ቤት የሮጥከው አንተ ነህ። የቆሸሸውን ጨርቄን በእጅህ ይዘህ ገብተህ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ ቀለሙን ከነሽታው ለሐኪሙ የዘረዘርክለት አንተ ነህ። አፍንጫቸውን ለያዙት "ምን አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ፣ የናንተ ልጆች ሽቶ ነው የሚያስቀምጡት?" ብለህ ልትደባደብ እንደነበር እናታችን እስክትሞት ድረስ እየሳቀች ነግራኛለች። ያን ጊዜ ጢም እንኳ አላበቀልክም። ለኔ ያላፈርክበትን ለራስህ ታፍራለህ? ልጅ ሆነህ የነበርከውን ወንድ ዛሬ የት ጣልከው?

እዚህ ሥራው ያው ነው። እግሩ ላይ ራስ የጣልኩበት ሰውዬ ወንድሞች አሉት። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሌላ የምነግርህ የለኝም።

እስከ በዓል ድረስ ካልሄድክ እመጣለሁ። ልለምንህ አይደለም። እንደ ወይፈን ፊትና ኋላ እግርህን ጠልፌ ጥዬህ፣ በገመድ አስሬ ሆስፒታል ደጅ እዘረግፍሃለሁ። እንዴት እንደሚጠለፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ክብደትህም ቢሆን ከወይፈን አይበልጥም፤ ሚስትህ ለብቻዋ ጽፋልኝ ከስቷል ብላለች።

እህትህ

*

ጥር 14

አንቺ እብድ፣

ሄድኩ። እንግዲህ ሳቂ።

እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሆስፒታሉ የኛው ቄራ ነው። የጉበት ሐኪም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የአንጀት ሐኪም ግቢውን ተሻግሮ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። የጉበቱን ስለ ደሙ ነገርኩት፤ "እሱ እኛን አይመለከትም፣ ሌላ ካርድ አውጣ" አለኝ። ካርድ አውጥቼ ግቢውን ተሻገርኩ። እዚያ ያለችው ነርስ ጉበትህን ለጉበቶቹ ንገር አለችኝ። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ሰልፍ፣ እኔ አንድ ሰው። እየተመላለስኩ ሳለ ትዝ አልሽኝ።

ሲባጎ ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ሁለቱን ካርድ ደርቤ አሰርኳቸው፤ ያንቺን ቋጠሮ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ "ይህ ምን ጨዋታ ነው?" ብሎ ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ ጠረጴዛውን በጡጫ አልኩት። የማኅተሙ ቀለም ተነሥቶ ሸሚዙን አለበሰው። "ይህን ቋጠሮ የፈታ እጁን ሌላ ቦታ ይፈልገው" አልኩት። ዘበኛ ተጠራ። በዚህ መሀል አንዲት ሐኪም ወጣች፤ ቁመቷ ደረቴ ላይ አይደርስም። "ማነው የሚጮኸው? አንተ ነህ? ና ግባ፣ ጉልቤ!" አለችኝ። እህቴን አገኘኋት አልኩ በሆዴ።

ሁለቱንም ካርድ ሳትፈታ አነበበች። ደሙ ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። አልዋሸኋትም፤ ካለፈው ክረምት አልኳት። ብዕሯን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ካሜራውንም አስገቡት። ዓይኔን ጨፍኜ አንቺን ስሰድብ ነበር።

አገኙት። እባጭ ነው፤ ክፉው ነገር ጀማምሮታል ትላለች። ቆርጠው ሊያወጡት ቀን ሰጥተውኛል፤ የጥር መጨረሻ ነው። ጉበቴንም እግረ መንገዳቸውን ያዩታል።

ስንቱን ጥዬ ስንቱን ከፍቻለሁ። በሬ ወደ ማረጃው ሲገባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወለሉን አሽትቶ ወደ ኋላ ይላል አይደል? ሁልጊዜ በዱላ እለው ነበር። የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ሲያሳዩኝ በሩ ላይ ቆሜ ሸተተኝ። እግሬ በራሱ ወደ ኋላ ሄደ። የሚገፋኝ ሰው ባይኖር ደግ ነው፤ እገድለው ነበር።

አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ከሞትኩ ማንም እንዳይከፍተኝ፤ አንቺ ክፈቺኝ። ጉበቴን ከአንጀቴ ጋር እሰሪና ለዚያ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።

ጽሕፈትሽ ዛሬም ዶሮ ነው። ብዕር ገዝቼ ልላክልሽ?

ወንድምሽ

*

ጥር 22

ጋሼ፣

አልከፍትህም። ቃልም አልገባልህም።

ብዕር አትላክልኝ። ስለ ጽሕፈቴ ሁለቴ ጠየቅከኝ፤ በመጀመሪያው ዋሸሁህ፣ አሁን እውነቱን ልንገርህ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። የዚያ ሰውዬ ወንድሞች ሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ ጠበቁኝ። አንዱ ከኋላ አንገቴን አነቀኝ፣ ሌላው ቀኝ እጄን በበሩና በመቃኑ መሀል አድርጎ ያን የብረት በር ዘጋው። ከፈተና ደግሞ ዘጋው። "አሁን ፈርሚ" አለኝ። ያነቀኝ ሰውዬ ጆሮው አፌ አጠገብ ነበር። ያንተን ስባሪ ጥርስ ታውቀዋለህ፤ ጫፉ ስለት ነው። ከጆሮው የተረፈው እንዲሰፋለት አልበቃም። በየቀኑ ስረግምህ የኖርኩበት ጥርስ ያን ቀን አተረፈኝ፤ ደስ እንዳይልህ።

እኔም ፈርሜያለሁ፤ በግራዬ። ያን ቀን የጣልኩት ጉበት ተቃጥሏል። ሁለቱ እስር ቤት ናቸው። እጄ በጀሶ ታስሯል። ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ደምህን እያንጠባጠብክ እዚህ መጥተህ ሁለቱንም አርደህ ትገባ ነበር፤ ሐኪም ዘንድም አትሄድም ነበር። አሁን ቀኑ ስለተቆረጠልህ ነው የምናገረው። ከአልጋህ ብትነሣ አስራ እንድትይዝህ ለዚያች ሐኪም ጽፌላታለሁ።

እንግዲህ የምከፍትበት እጅ የለኝም። መሞት ቢያምርህ እንኳ ጊዜው አይመችም። እኔም አልመጣም። አልጋህ አጠገብ ቆሜ እጅህን ይዤ አላለቅስልህም። የምመታህ እጅ እስኪድን ድረስ የመጠበቅ ግዴታ አለብህ።

በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ብትል፣ ማንም እንዳይገፋህ። በራስህ እግር ግባ። ለበሬው ያልተፈቀደለት ይህ ነው።

ለሐኪሟ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ቢላዋዋ ስለት ይሁን።

እህትህ

*

መጋቢት 27

አንቺ እብድ፣

ከሚስቴ እጅ ሰምተሻል፤ አሁን ከራሴ ስሚው። አለሁ። ከአንጀቴ ክንድ የሚያህል ቆርጠው ጥለዋል። የቀረው ንጹህ ነው ብለዋል፤ በየጊዜው እየሄድኩ ልታይ ነው። ጉበቴንም ሐኪሟ በዓይኗ አይታዋለች። "ገርጥቷል፣ ለስልሷል፣ ግን ገና አልጠነከረም፤ ከተጠነቀቅህለት ይመለሳል" አለችኝ። አንደኛ ደረጃ ነዋ ልላት ስል ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

ሥራ ተመለሰ ወይ ብለሽ ሚስቴን ለጠየቅሻት፣ ተመልሻለሁ። ቄራው ተከፍቷል፤ ወለሉ አዲስ ነው። ከባድ እንዳላነሳ ስለተከለከልኩ ጥግ ላይ በርጩማ አድርገውልኝ ቢላዋ እስላለሁ። "አያቴ፣ ይቺን ሳልልኝ" ይሉኛል እነዚያ ውርጋጦች፤ ጢሜን አይተው።

ማክሰኞ ከዚያ ማድለቢያ ከብት ገባ። ተነሣሁ። ሽርጤን አጠለቅሁ። የሚከፍተውን ልጅ ትከሻውን ይዤ ገለል አደረግሁትና የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ጉበቱን አልለየሁትም። ሲባጎ። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ሲባጎ። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ መጣና "በጥሰው!" አለኝ። "ና፣ አንተ በጥሰው" አልኩት። ጨጓራውን ገለበጥኩት፤ ቁስሉን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። "ይኸው! ያን ጊዜም እንዲህ ነበር። አይቼዋለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ አልዋሸችም!" አልኩ። መጋዙ ቆሞ ስለነበር ቆዳ ክፍል ድረስ ተሰምቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌላ ሰው ይንገርሽ። ይህን ብቻ ልበልሽ፤ ሥራ አስኪያጁ በእርግጫ ሆዴን መታኝ፣ ስፌቴ ላይ። ቢላዋ በእጄ ነበር። አልመታሁትም። የሚመታኝ ሰው ተራ ይዞ እየጠበቀኝ እንደሆነ ትዝ አለኝና ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እነዚያ "አያቴ" የሚሉኝ ልጆች ግን ምንም ትዝ አላላቸውም። እንደ ከረጢት ተቀባበሉት። የቦዩ ክዳን ተከፍቶ ነበር፤ አዲሱ ቦይ ደግሞ ጥልቅ ነው። ሲያወጡት ከራሱ እስከ እግሩ ያ የካደው ደም ነበር። ስፌቴ ሁለት ቦታ ላይ ተፈታ፤ ያቺ ቁመተ አጭር እየሰደበችኝ ሰፋችው።

ከበላይ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች መጥተዋል። ያሰርኳቸውን ወስደዋል። "መጀመሪያ ያሰረችው ሴት የት ነው ያለችው?" ይላሉ። እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ።

ወለሉ ታጥቦ ይጠብቅሻል። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች ሁሉ አሉ፤ ማንም እንዳይቀር ብያለሁ።

ወንድምሽ

(ከግርጌው፣ በሚስቱ እጅ)

አሁን ሳልደበቅ ነው የምጽፈው፤ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ልብሱን አጥቤያለሁ። ደም አለው፤ ግን ከፊት ነው። ከኋላ የለም፣ የኔ እህት፤ ከኋላ ጥርት ያለ ነው።

*

ሚያዝያ 3

ጋሼ፣

ጽሕፈቴን እየው። ቀኝ እጄ ነው። ጀሶው ወጥቷል፤ ሁለቱ ጣቶቼ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም፣ ለጥፊ ግን ቀጥ ብሎ የተዘረጋ እጅ ነው የሚያስፈልገው።

ቅዳሜ እደርሳለሁ። አቀባበል አልፈልግም። መናኸሪያ ድረስ እንዳትመጣ፤ ሻንጣዬን ልታነሳ ትሞክራለህ፣ ከባድ ነገር ተከልክለሃል። በቀጥታ ወደ ወለሉ ነው የምመጣው። ሰዎቹ ያን ቀን በቆሙበት ይቁሙ። አንተም ያን ቀን በቆምክበት ቁም።

የሥራ አስኪያጁን እርግጫ አነበብኩ፤ ስፌትህን አነበብኩ። ቢላዋውን መሬት ላይ ማስቀመጥህንም አነበብኩ። ይቅር አላልኩህም።

እትዬን፣ ሚስትህን፣ ሳምልኝ።

ጢምህን ተላጭ። በእጄና በጉንጭህ መሀል ምንም እንዲገባ አልፈልግም።

እህትህ